በካርድ የሚቀርጽ ካሜራና የመስክ ማራገፊያ፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ ካሴት ትተው በካርድ ስለሚቀርጹ ኤችዲ ካሜራዎች ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው የፓናሶኒኩ ኤችቪኤክስ200 ካሜራና ፒቱ የሚባለው የማስታወሻ ካርዱ ነው። ለሌሎች ካሜራዎች የሚለየውን መጨረሻ ላይ አነሳለሁ።

ጥያቄ፦ 16 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ካርዶች አሉኝ። ስንት ደቂቃ ያስቀርጹኛል?

ካሜራው ኤችዲ በሚጽፍበት ዲቪሲፕሮ ኤችዲ በሚባለው ቅርጸት አንድ ደቂቃ በግምት 1 ጊጋባይት ይበላል። ስለዚህ አንዱ ካርድ 16፣ ሁለቱ 32 ደቂቃ ይይዛሉ። የምስሉ መጠን 1080 ቢሆን 720 ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም በሰከንድ 100 ሜጋቢት ነው የሚጽፉት። «720 ላድርገው፣ ቦታ ይቆጥብልኛል» ማለት ከንቱ ድካም ነው። የሚቆጥበው ኔቲቭ የሚባለው ምርጫ ነው። በተለመደው 720 ላይ በሰከንድ 25 ፍሬም ብትመርጥም ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም እየደገመ 50 ይጽፋል። ኔቲቭ ስታደርገው ድግግሞሹ ይቀርና ያው ካርድ 32 ደቂቃ ይይዛል። በ50 ፈንታ 60 ፍሬም በሚጽፈው የ60 ኸርዝ ሞዴል 24 ኔቲቭ ከሆነ ደግሞ 40 ደቂቃ ይደርሳል። የተጣለው ድግግሞሽ ስለሆነ ምስሉ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለት ካርድ ይዤ፣ አንዱ ሲሞላ ላፕቶፕ ላይ እያራገፍኩ ቀኑን ሙሉ መሥራት አልችልም?

በወረቀት ላይ ይቻላል፣ መስክ ላይ ግን አይበቃም። እናስላው። ዩኤስቢ 2.0 በተግባር በሰከንድ 20 ሜጋባይት አካባቢ ቢያወጣ 16 ጊጋባይት ለመገልበጥ 13 ደቂቃ ይወስዳል። የተገለበጠው ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከዲስኩ መልሶ ማንበብ ሌላ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በድምሩ 26 ደቂቃ ሆነ። ካሜራው ግን ሁለተኛውን ካርድ በ16 ደቂቃ ይሞላል። ያኔ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዳይሬክተሩ ይጮሃል፣ ማረጋገጡ ይዘለላል፣ ያልተረጋገጠው ካርድ ፎርማት ይደረጋል።

ሦስተኛ ካርድ ያዝ፦ አንዱ ካሜራ ውስጥ፣ አንዱ እየተራገፈ፣ አንዱ ባዶ ሆኖ በመጠባበቅ ላይ። ማራገፉንም ለአንድ ሰው ስጠው፤ ያ ሰው በዚያ ሰዓት መብራትም ማይክም አይያዝ።

ጥያቄ፦ የቪዲዮ ፎልደሩን ብቻ ገልብጬ ነበር። ኤዲቲንግ ላይ ስከፍተው ድምፅ የለም። ካርዱ ላይ የነበረው አንዴ ተደምስሷል። ይመለሳል?

በጣም አዝናለሁ፣ ካርዱ ላይ እንደገና ከተቀረጸበት አይመለስም። ካልተቀረጸበት ግን አሁኑኑ ከሥራ አውጥተሽ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጪው።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፒቱ ካርድ ላይ ምስልና ድምፅ በአንድ ፋይል አይቀመጡም። ኮንቴንትስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቪዲዮ፣ ኦዲዮ፣ ክሊፕ፣ አይኮን፣ ፕሩፍና ቮይስ የሚባሉ ፎልደሮች አሉ። ምስሉ ቪዲዮ ውስጥ ነው። የድምፁ ቻናሎች ኦዲዮ ውስጥ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ በስማቸው መጨረሻ 00፣ 01፣ 02፣ 03 እየተባሉ ይቀመጣሉ። የትኛው ድምፅ የየትኛው ምስል እንደሆነ የሚናገረው ክሊፕ ውስጥ ያለው ትንሽ ፋይል ነው። አንዱን ማንሳት ሰንሰለቱን መበጠስ ነው። ስለዚህ ኮንቴንትስን እንዳለ ውሰጂ፤ ከጎኑ ያለችውን የላስት ክሊፕ የጽሑፍ ፋይልም ጨምሪያት። ውስጡ ያለ ምንም ነገር ስሙ አይቀየርም፣ ቦታውም አይነካም።

ጥያቄ፦ ስሙ ካልተቀየረ ሁሉም ካርድ ኮንቴንትስ ሊባል ነው። እንዴት እለያቸዋለሁ?

ለእያንዳንዱ ካርድ መጀመሪያ ባዶ ፎልደር ክፈት፣ ስም የሚሰጠው ለዚያ ነው። ቁጥር ብቻ በቂ ነው፦ 0412_1_07 ማለት በ4ኛው ወር በ12ኛው ቀን፣ ካሜራ 1፣ ሰባተኛው የተራገፈ ካርድ። ቁጥሩ የካርዱ ሳይሆን የማራገፉ ተራ ይሁን፤ አንድ ካርድ በቀን አራት ጊዜ ይዞራልና።

ሁለት ኮንቴንትስ አንድ ቦታ ላይ ስትጥል ማክ «ልተካው?» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ካልከው የፊተኛውን ከነሙሉ ይዘቱ ያጠፋል። ዊንዶውስ ደግሞ ሁለቱን ያደባልቃል። የመጀመሪያው የከፋ ነው።

ጥያቄ፦ መገልበጡ በትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኤምዲ5 ወይም ኤክስኤክስሃሽ የሚባለውን ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ መለያ ቁጥር) እያሰላ የሚገለብጥ ሶፍትዌር ተጠቀም። እሱ ከሌለ ቢያንስ የፋይሉን ብዛትና የፎልደሩን መጠን እስከ መጨረሻዋ ባይት አወዳድር። «15.2 ጊጋ፣ 15.2 ጊጋ» ማወዳደር አይባልም። ከዚያ ዲስኩን ኢጀክት አድርገህ ንቀል፣ መልሰህ ሰካ፣ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን ክሊፕ እስከ ጫፋቸው አጫውት። ነቅሎ መሰካቱ ለይስሙላ አይደለም፦ ወዲያው ብታጫውተው ኮምፒውተሩ የሚያሳይህ ዲስኩ ላይ ያረፈውን ሳይሆን ሜሞሪው ውስጥ የቀረውን ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ካሜራው እየቀረጸ የሞላውን ካርድ ማውጣት ይቻላል?

አዎ፣ ሁለት ማስገቢያ የተሰጠው ለዚህ ነው። አንዱ ሲሞላ ቀረጻው ሳይቋረጥ ወደ ሌላው ይሻገራል። ነገር ግን የምታወጣው ካርድ አጠገብ ያለችው ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አትንካው፤ እየተጻፈበት ወይም እየተነበበ ነው። ተነቅሎ ወይም ባትሪ ድንገት አልቆ ክሊፑ ከተበላሸ፣ ካርዱን መልሰህ አስገባና ከትንንሾቹ ምስሎች ሜኑ ላይ የክሊፕ ጥገናውን ምርጫ ሞክር። ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ካርዱ ሲወጣ መጻፍ የሚከለክለውን ትንሽ መቆለፊያ ወዲያው ግፋ። የሚከፈተው ሁለት ቅጂ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። በዚህ ልማድ የተቆለፈ ካርድ ያየ ሁሉ «ይህ ሙሉ ነው» ብሎ ያነበዋል፣ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ላፕቶፑ ላይ ስሰካ አንዱ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይጠፋል። ተበላሽቶ ነው?

ምናልባት ተርቦ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። የራሱ ኃይል ያለው ሃብ ወይም የራሱ አዳፕተር ያለው ዲስክ ይፈታዋል። ገመዱም አጭር ይሁን። በሙሉ ኃይል ላይም ድምፁ ከቀጠለ ዲስኩ ታሟል፣ ምንም አትገልብጥበት።

ዲስኩን ኤክስፋት በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት ያደረጋችሁ፣ ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉ። ለማክም ለዊንዶውስም ይመቻል፣ ግን በድንገት ሲነቀል ጉዳቱን የሚያስተካክልበት መዝገብ የለውም። በሚሄድ መኪና ውስጥም በሚሽከረከር ዲስክ አታራግፉ።

ጥያቄ፦ ፒቱ ስቶር የሚባለው ሳጥን ከላፕቶፕ አይሻልም?

ካርዱን ትሰካለህ፣ ይገለብጣል፣ ላፕቶፕ አያስፈልግም፤ ለእግር ጉዞና ለጠባብ ቦታ ግሩም ነው። ሁለት ነገር ግን አስብ። ባለ 60 ጊጋባይቱ 16 ጊጋ ካርድ ከሦስት በላይ አይይዝም። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ዲስክ ነው፣ ቅጂውም አንድ። አንድ ቅጂ ብቻ ደግሞ ካርዱን ለመደምሰስ ፈቃድ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ የሚቀጥል ዝግጅት ልቀርጽ ነው።

በ25 ኔቲቭ አራት ባለ 16 ጊጋ ካርድ በስሌት ይበቃል፣ አምስት ያዙ። በሁለቱ ማስገቢያ መካከል እየቀያየሩ ይሄዳሉ። ኮምፒውተር ላይ ቀረጻው በብዙ ክሊፕ ተቆርጦ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ካርዱ በሚጠቀምበት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ስለማይበልጥ ካሜራው ራሱ ይከፋፍለዋል። በተከታታይ ሲደረደሩ ፍሬም አይጎድልም፣ የሁሉም ካርድ ኮንቴንትስ ሙሉ ሆኖ እስከመጣ ድረስ።

ጥያቄ፦ ፎርማት በላፕቶፕ ወይስ በካሜራ?

በካሜራ። ሁልጊዜ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ላፕቶፔ ፒቱ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

ካርዱ የድሮውን የፒሲኤምሲአይኤ ቀዳዳ ነው የሚፈልገው። የዩኤስቢ ማንበቢያ ፈልግ፣ ወይም ካሜራውን ራሱን በዩኤስቢ ዲቫይስ ሁነታ አገናኝ። ድራይቨሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተምህ ጋር መስማማቱን ቤት ሆነህ ሞክረው። ካሜራውን ማንበቢያ ካደረግከው ግን በዚያ ጊዜ አይቀርጽም፣ ባትሪም ይበላልና ከሶኬት ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ የሶኒ ወይም ኤስዲ ካርድ ካሜራ ላይስ?

ሕጉ ያው፣ ስሙ ሌላ። በሶኒው ኢኤክስ1 ቢፓቭ የሚባለውን ፎልደር ሙሉውን ውሰዱ፤ በሰከንድ 35 ሜጋቢት ስለሚጽፍ 16 ጊጋ ካርድ ወደ 50 ደቂቃ ይይዛል። ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ቅርጸት በሚጽፉት የኤስዲ ካርድ ካሜራዎች ላይ ፕራይቬት የሚለውን ፎልደር ውሰዱ፤ በ24 ሜጋቢት ያው ካርድ 90 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። እዚህ ላይ ረጅም ቀረጻ 4 ጊጋባይት ሲደርስ ይቆረጣል። ውስጥ ያሉትን የቪዲዮ ፋይሎች ብቻ ለቅማችሁ ከወሰዳችሁ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይዘላል፤ በንግግር ላይ ብዙም አይሰማም፣ ሙዚቃ ላይ ግን ጆሮ ይወጋል።