ሃይድሮጅን አምራች ባክቴሪያ ላይ መሥራት ለምትፈልግ ተማሪ

ጥያቄ፦ የባዮቴክኖሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በማስተርሴ ባክቴሪያን በዘረመል ምህንድስና አሻሽዬ፣ በፈርመንቴሽን (ያለ ኦክስጅን ስኳር በማብላላት) ሃይድሮጅን እንዲያመርት ማድረግ እፈልጋለሁ። በየትኛው ባክቴሪያ ልጀምር? ምንስ ልማር? ሥራ አገኝበት ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ በላብራቶሪ በብዛት በሚሠራበት ባክቴሪያ በኢ. ኮላይ ጀምሪ። ክሎስትሪዲየም የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ከአንድ ሞል (የኬሚካል መጠን መለኪያ) ግሉኮስ፣ አሲቴት በሚወጣበት መንገድ እስከ 4 ሞል ሃይድሮጅን ሊሰጥ ይችላል፤ ኢ. ኮላይ ግን በተፈጥሮ መንገዱ ከ2 አያልፍም። ልዩነቱ ያጓጓል። ነገር ግን ክሎስትሪዲየም ኦክስጅን አይችልም፣ ጂን ማስገባቱም መሰረዙም አስቸጋሪ ነው፤ የማስተርስ ጊዜሽ አንድም ጂን ሳትነኪ ሊያልቅ ይችላል። ለኢ. ኮላይ ግን 3,985 ጂኖች አንድ በአንድ የተሰረዙበት፣ የኬዮ ስብስብ የሚባል የዝርያዎች ክምችት አለልሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የምትፈልጊውን ስረዛ በፒ1 ፋጅ (ባክቴሪያን በሚያጠቃ ቫይረስ) ወደ ዝርያሽ ታዛውሪያለሽ። ቀጥሎ በተሰረዘው ጂን ቦታ የገባውን የካናማይሲን (አንቲባዮቲክ) መቋቋሚያ በፒሲፒ20 ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ታወጪያለሽ፤ ፕላዝሚዱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይገባል፣ በ42 ዲግሪ ሲያድግ ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል። ኮሎኒው (ከአንድ ሕዋስ የበቀለው የባክቴሪያ ክምር) በካናማይሲንም፣ ፕላዝሚዱ በሚቋቋመው በአምፒሲሊንም ላይ ካላደገ ተሳክቷል፤ በፒሲአር (ዲኤንኤን አብዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) አረጋግጠሽ ወደሚቀጥለው ጂን እለፊ። ፒሲአሩን በየደረጃው አትዝለዪ፤ ስረዛው ሲበዛ መቋቋሚያው በወጣበት ቦታ በክሮሞሶሙ ላይ የሚቀሩት ጠባሳዎች (አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) እርስ በርስ ተገናኝተው መሃላቸው ያለውን ቁራጭ ሊያስወጡ ይችላሉ።

ምን ይሰረዛል? በኢ. ኮላይ ፓይሩቬት (ግሉኮስ ሲሰበር የሚገኝ ውህድ) ወደ ፎርሜት ይቀየራል፤ ፎርሜት ሃይድሮጅን ላየዝ የተባለው የኢንዛይም ስብስብ ደግሞ ፎርሜቱን ወደ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተመረተውን ሃይድሮጅን መልሰው የሚበሉትን ሁለቱን ሃይድሮጂኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች (ጂኖቻቸው ኤችዋይኤ-ቢ (hyaB) እና ኤችዋይቢ-ሲ (hybC))፣ ከዚያ ፎርሜት ሃይድሮጅን ላየዝን የሚገታውን ኤችዋይሲ-ኤ (hycA) ጂን፣ በመጨረሻም ካርቦኑን ወደ ላክቴትና ሰክሲኔት የሚወስዱትን ኤልዲኤች-ኤ (ldhA) እና ኤፍአርዲ (frd) ጂኖች ትሰርዣለሽ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ጋዝ ከጠፋ፣ ከጂኑ በፊት ሚዲያውን (ባክቴሪያው የሚያድግበትን የምግብ ፈሳሽ) ተጠራጠሪ። ፎርሜትን የሚሰነጥቀው ኢንዛይም ሴሊኒየምና ሞሊብዲነም፣ ሃይድሮጂኔዙ ደግሞ ኒኬልና ብረት ይፈልጋል። በንጹሕ ኬሚካል በተሠራ ሚዲያ ውስጥ እነዚህን መርሳት ቀላል ነው፤ ጥቂት ማይክሮሞላር ይበቃል። ናይትሬት ካለበትም ሕዋሱ የፎርሜት ሃይድሮጅን ላየዝን ጂኖች ይዘጋቸዋል። ፒኤችን (የአሲድነት መጠኑን) 6 አካባቢ ጠብቂ፤ ካልተቆጣጠርሽው አሲዱ ተከማችቶ ግሉኮሱ ሳያልቅ ሥራው ይቆማል።

አሁን ዋናው ነገር። አብዛኛው ተማሪ ጂን መቁረጥን ሙያው አድርጎ ያያል። እኛ የምንመክርሽ ጋዝ መለካትን በደንብ እንድትማሪ ነው፤ በዚህ መስክ የተሳሳተ ውጤት በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ጋዝ ክሮማቶግራፉ (ጋዞችን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ) የሙቀት አስተላላፊነትን የሚለይ ዲቴክተር ይኑረው፣ ተሸካሚ ጋዙም አርጎን ወይም ናይትሮጅን ይሁን። የሂሊየም ሙቀት አስተላላፊነት ለሃይድሮጅን ስለሚቀርብ ምልክቱ ደካማና የሚያሳስት ይሆናል። የጠርሙሱ ክዳን ቡቲል ጎማ ይሁን፤ በሲሊኮን ሃይድሮጅን ያመልጣል፣ አንቺም ዝርያሽ ደካማ ነው ትያለሽ።

ግፊቱንም አስቀድመሽ አስዪ። 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ 50 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ብታደርጊ፣ በሊትር 5 ግራም ግሉኮስ ቢኖረው፣ ግሉኮሱ 0.25 ግራም ወይም 1.39 ሚሊሞል ነው። 2 ለ1 ከተመረተ 2.78 ሚሊሞል፣ በ25 ዲግሪ ወደ 68 ሚሊ ሊትር ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ያንኑ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጨመርበታል። ባዶው ቦታ 70 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ግፊቱ ወደ 3 አትሞስፌር ይጠጋል። ግሉኮሱን በዘፈቀደ ማብዛት ጠርሙስ ያፈነዳል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ስለሚቀጣጠል፣ መውጫውን ወደ ጭስ መሳቢያው አድርጊ።

ምርቱን ስትዘግቢ በተጨመረው ሳይሆን በተበላው ግሉኮስ አካፍዪ። አሲቴት፣ ኤታኖል፣ ላክቴት፣ ሰክሲኔት፣ የቀረ ፎርሜት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሕዋሱ ክብደት ተደምረው ከገባው ካርቦን 90 በመቶ ካልደረሱ፣ ያልለካሽው ነገር አለ ማለት ነው።

ስለ ሥራው፣ እውነቱን ብንነግርሽ ይሻላል። ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር 12 ሞል ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ በጨለማ ፈርመንቴሽን (ያለ ብርሃን በሚካሄደው፣ አንቺ በምትሠሪው ዓይነት) ጣሪያው 4 ነው፤ የቀረው በአሲድ መልክ ይቀራል። ዛሬ የዓለም ሃይድሮጅን በብዛት የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ስለዚህ «የባዮሃይድሮጅን ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሚቀጥርሽ ባዮጋዝ የሚያመርት፣ ኢንዛይምና ኦርጋኒክ አሲድ የሚሠራ ወይም መድኃኒት በፈርመንቴሽን የሚያመርት ድርጅት ነው። እነሱ ደግሞ ባዮሪአክተር (ባክቴሪያ በቁጥጥር የሚያድግበት ጋን) ማስኬድ፣ ያለ ኦክስጅን መሥራትና የካርቦን ሒሳብ መዝጋት (የገባውንና የወጣውን ካርቦን ማመሳከር) የምትችል ሰው ይፈልጋሉ። በሲቪሽ ላይ «ጂን ክሎን አድርጌያለሁ» ከማለት «የ2 ሊትር ሪአክተር በፒኤች ቁጥጥር አስኬጃለሁ፣ የካርቦን ሒሳቡን ዘግቻለሁ» ብትዪ ይሻላል።

አማካሪ ከመምረጥሽ በፊት ላብራቶሪውን ሄደሽ እዪ፤ ጋዝ ክሮማቶግራፉ የሚሠራ መሆኑን፣ መጨረሻ የተስተካከለው መቼ እንደሆነ፣ ዘረመላቸው የተለወጠ ሕዋሳትን ለመያዝ የደኅንነት ፈቃድ እንዳለ ጠይቂ። መሣሪያው ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ከሆነ ሌላ ላብራቶሪ ፈልጊ።