ቤትና ኤሌክትሪክ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቤቴ አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሥራዬ ቦሌ። ማታ ስገባ የሻወር ውኃ ሞቆ እንዲጠብቀኝ ብዬ ካርቶኑ ላይ «ለቦይለር» የሚል ዋይፋይ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ገዛሁ። ቦይለሩ 50 ሊትር፣ 1,500 ዋት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ግን «ይሄ አይሆንም» ብሎ ሳይገጥመው ሄደ። ለምን?

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያኑን ያመስግኑት። ያሳሳተዎት «ቦይለር» የሚለው ቃል ነው። እኛ ቦይለር የምንለው መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የኤሌክትሪክ ውኃ ማሞቂያ ነው። ቴርሞስታቱ የታሰበው ግን በጋዝ ወይም በናፍጣ ውኃ አሙቆ በየክፍሉ ወዳሉ ራዲያተሮች ለሚልክ ማሽን ነው። ያ ቴርሞስታት ጭነት (ማሞቂያ የሚስበውን ብዙ ኤሌክትሪክ) አይሸከምም፤ ሁለት ቀጫጭን ገመዶችን እያገናኘና እየለያየ ማሽኑን «ሥራ»፣ «አቁም» ይለዋል፣ በቃ። ጀርባውን ገልብጠው ቢያነቡ አብዛኛውን ጊዜ 3 አምፔር ይላል። የእርስዎ ቦይለር በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። ቢገጠም ኖሮ ውስጡ ያለው ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ትንሽ ማብሪያ) ግሎ ይጣበቅና አልጠፋም ይልዎት ነበር፣ ወይም ፕላስቲኩ ይቀልጥ ነበር። በዚያ ላይ የሚለካው የክፍሉን አየር እንጂ ውኃውን አይደለም። ውኃውን የሚጠብቀው ቦይለሩ ውስጥ ያለው የራሱ ቴርሞስታት ነው፤ እሱን ማንም እንዳይነካው።

የሚያስፈልግዎ 16 ወይም 20 አምፔር የሚሸከም የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። 10 አምፔር የሚለው ለ7 የሚበቃ ይመስላል፤ ግን ቦይለር ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ እረፍት ይስባልና ትንሿ ሳጥን ትግላለች። በስፒና የሚሰካውንም አንመክርም፤ ሶኬቱ ትንሽ ከላላ ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል። ቦይለሩ 2,000 ዋትና ከዚያ በላይ ቢሆን ጭነቱን ባለ25 አምፔር ኮንታክተር (ከባድ ጭነት የሚችል ትልቅ ሪሌይ) ቢሸከምና ማብሪያው ኮንታክተሩን ብቻ ቢያዝ ይሻላል።

ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤት ውጭ፣ ከብሬከሮቹ አጠገብ፣ በፕላስቲክ ሳጥን ይቀመጥ፤ የብረት ሳጥን ዋይፋዩን ያፍነዋል። የቦይለሩ መስመር ለብቻው ባለ16 አምፔር ብሬከርና 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይኑረው። ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት ሲያመልጥ የሚቆርጠው ባለ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ከሌለዎት በዚሁ አጋጣሚ ያስገቡ። ብሬከሩ ወርዶ መስመሩ መሞቱ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ ፌዙና ኒውትራሉ በማብሪያው በኩል ያልፋሉ። አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ግን ሳይቆረጥ በቀጥታ ቦይለሩ ድረስ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ብሎኖቹን ይጠንቀቁ። ገመዱን ሲጎትቱት መነቃነቅ የለበትም፣ ከብሎኑ ሥር አንድም ክር ወጣ ብሎ መታየት የለበትም። ከሳምንት በኋላ ብሬከሩን አውርደው በካቻቢቴ እንደገና ያጥብቁ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚቃጠለው በአብዛኛው ከላላ ብሎን ተነሥቶ ነው።

ስልኩን ከማብሪያው ጋር ሲያገናኙ አልያዝ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ራውተሩ ነው። እነዚህ ማብሪያዎች በአብዛኛው የሚያውቁት የ2.4 ጊጋ ኸርዙን ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ፣ የ5 ጊጋ ኸርዙን ለጊዜው ዝጉት። ከዚያ አፑ ላይ ሁለት ነገር ሳያስተካክሉ አይውጡ። አንደኛ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማብሪያው እንደጠፋ እንዲቆይ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ ከበራ ከ2 ሰዓት በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ያድርጉ። 50 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በ1,500 ዋት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ለ12 ሰዓት ተኩል ሻወር 10 ሰዓት ከ45 ላይ ይብራ። የአፑ ሰዓት እንደ እኛ አይቆጥርምና 16፡45 ብለው ይጻፉ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጥንቃቄ አለ። የሞቀው ውኃ የሚወጣው ከጋኑ አናት ስለሆነ ውኃ ቢቋረጥም ቦይለሩ ብዙውን ጊዜ ባዶ አይሆንም። መግቢያው ላይ ያለው፣ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ካረጀ ግን ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ሬዚስታንሱ (ውኃውን የሚያሞቀው ብረት) በደረቁ ይቃጠላል። ጠዋት ከቤት ሳይወጡ የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተው ይዩ፤ ካልፈሰሰ የዚያን ዕለት ፕሮግራሙን ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። እህቴ ከጣሊያን በፔሌት (በተጨመቀ የሰጋቱራ ፍሬ) የሚነድ ምድጃ ልካልኛለች። በስልክ ማዘዝ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ያውም የላይኛው ጠያቂ የገዙት ዓይነት ቴርሞስታት ለእርስዎ ይሆናል። ብዙዎቹ የጣሊያን ምድጃዎች ከጀርባቸው ለክፍል ቴርሞስታት የተተዉ ሁለት መግቢያዎች አሏቸው፤ በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ይመጣሉ። ምድጃው ከሶኬት ተነቅሎ ሽቦዋ ትወጣና የቴርሞስታቱ ሁለት ገመዶች ይገባሉ። በዚያ በኩል 220 ቮልት ከገባ የምድጃው ቦርድ ይቃጠላል። ከዚያ በምድጃው ሜኑ ላይ የውጭ ቴርሞስታት እንዲቀበል ይታዘዛል።

በዋይፋይ ሶኬት ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይሞከር። ቦይለር ኃይሉ ሲቆረጥ ዝም ይላል፤ ምድጃ ውስጥ ግን እሳት አለ። ጭሱን የሚስበው ማራገቢያ ድንገት ሲቆም የቀረው ፔሌት እየጨሰ ቤት ውስጥ ይቀራል። ምድጃው «አቁም» ሲባል መመገቡን ትቶ እስኪቀዘቅዝ ማራገቢያውን ያዞራል። በዚሁ ምክንያት መብራት ሲጠፋ የሚይዝለት ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ያስፈልገዋል።

ቴርሞስታቱ ምድጃውን በሚያበራበትና በሚያጠፋበት ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ያድርጉት፤ ከዚያ ካነሰ ምድጃው ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ማቀጣጠያው ቀድሞ ያልቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የአየሩ መጠን እዚሁ ካልተስተካከለ ነበልባሉ ቀይና ሰነፍ ይሆናል፣ መስታወቱም ይጠቁራል። ልቅ ሰጋቱራ አይሆንም፤ ተጨምቆ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ፔሌት ነው የሚበላው። ሳይቀጣጠል ቀርቶ ከሆነ ማንደጃው ሳህን ላይ የተከመረውን ፔሌት በእጅ ሳያወጡ ከሩቅ እንደገና አያዙት፤ ሁሉም በአንዴ ሲያያዝ ጭሱ በኃይል ይወጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም እዚያው ክፍል ውስጥ ይሰቀል።