ፌስታል ሲከለከል ናይሮቢ ላይ ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሰፈር ውስጥ ሚኒ ማርኬት አለሽ። ፌስታል መከልከሉን ትደግፊያለሽ፤ ግን ደንበኛው ባዶ እጁን መጥቶ ሲቆም ምን ልስጠው ብለሽ ጨንቆሻል። «ኬንያ የኖራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ እዚያ ሠርቷል ወይስ ወሬ ነው? ደሃውንስ አልጎዳም ወይ?» ነው ያልሽው። ከሥር አስተያየት የሰጡትም ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። ግማሹ «ዘንቢል ይዘን አላደግንም እንዴ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኑሮው ሳያንስ ይሄ ተጨመረብን» ይላል።

አጭሩ መልስ፦ ሠርቷል። ግን ሁሉም ቦታ እኩል አልሠራም። ላንቺ የሚጠቅምሽ የት ሠርቶ የት እንዳልሠራ ማወቁ ነው።

እኔ እገዳው ሲመጣ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ነበርኩ። እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ የምንሸጥባት ትንሽ የሐበሻ ሱቅ ነበረችን። አሁን አዲስ አበባ ተመልሼም ሥራዬ ያው ንግድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሚዛኑ ጀርባ ሆኜ ነው ያየሁት።

ኬንያ ፌስታልን ለመከልከል ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2011 ሞክራ አልተሳካላትም። ያኔ የታሰበው ስስ ስሱን ለይቶ ማስቀረት ነበር። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ፣ የማይበሰብስ ፌስታል እንዲመረትም እንዲገባም ፈቃድ መስጠትን ይከለክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፌስታሉ በዛ እንጂ አልቀነሰም። 0.03 ሚሊሜትርን በጣቱ ዳብሶ የሚለይ ማን ነው? ባለሱቁ አያውቀው፣ ደንብ አስከባሪው አያውቀው። ሊታይ በማይችል ነገር ላይ የወጣ ሕግ አስከባሪ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ግን ኬንያ ውፍረት መለካቱን ተወችው። እጀታ ያለውም የሌለውም፣ ስሱም ወፍራሙም፣ የዕቃ መያዣ ፌስታል በሙሉ ታገደ። የካቲት ላይ ታውጆ ስድስት ወር ጊዜ ተሰጠ። በአካባቢዬ ያመነ ሰው አልነበረም። የአምራቾቹ ማኅበር 176 ፋብሪካዎች እንዳሉና 60,000 ሰው ሥራ እንደሚያጣ ተናገረ። ፍርድ ቤትም ተኬደ፤ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አላስቆመም። ኦገስት 28 ቀን፣ ምርጫው ካለፈ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ሥራ ላይ ዋለ። ቅጣቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ፣ ወይም ከ1 እስከ 4 ዓመት እስራት ነው። ያንን ቁጥር ሲሰማ ማንም ሰው ቀልድ እንዳልሆነ ገባው።

ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ላይ ነገሩ በአንድ ሌሊት ተለወጠ ብል አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት ለአንድ ዳቦ እንኳ ፌስታል ደርበው ይሰጡ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳለው፣ ሱፐርማርኬቶቹ ብቻቸውን በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ፌስታል ያድሉ ነበር። በማግስቱ ካሸሯ አጠገብ የሚሸጥ ቦርሳ ተሰቀለ። ያልገዛ በካርቶን ወይም በክንዱ ታቅፎ ሄደ። ሰው አጉረመረመ። ከዚያ ለመደ። ትንሽ ቆይቶ ሴቱ በቦርሳዋ፣ ወንዱ በጃኬት ኪሱ የታጠፈ መያዣ ይዞ መውጣት ጀመረ። ከባድ ነው ብለን የፈራነው ይሄ ነበር፤ ከሁሉም የቀለለው እሱ ሆነ።

ውጤቱስ? አጥር ላይና ዛፍ ላይ የሚውለበለበው ፌስታል ቀነሰ። ቦዩም ተሻለው። ቄራ ላይ የታየው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አሳማኝ ነው። ቀድሞ ከአሥር ከብት በሦስቱ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ይገኝ እንደነበር፣ ከእገዳው በኋላ ወደ አንድ መውረዱን የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ተናግረዋል። ከብት የዋጠችው ፌስታል አይፈጭም፣ አይወጣም። ጨጓራ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማቻል። እየበላች ትከሳለች። ባለቤቷ ምን እንደነካት ሳያውቅ ያጣታል።

ያልሠራበት ቦታ ደግሞ ይኸውልሽ። ናይሮቢ በየሰፈሩ ማማ ምቦጋ የሚሏቸው ሴቶች አሉ፤ እንደ እኛ ጉሊት ናቸው። ሱኩማ ይከትፋሉ። ሱኩማ የእኛ ጎመን ዓይነት ነው። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የተከተፈውን የ20 ሽልንግ ይገዛል። ከሥራ ስለሚመጣ ዕቃ አልያዘም። ጎመኑ እርጥብ ነው፤ ወረቀት ያርሳል። የሚሸጠው ቦርሳ ትንሿ እንኳ አምስት፣ አሥር ሽልንግ ነው። በ20 ሽልንግ ጎመን ላይ የአሥር ሽልንግ ቦርሳ ማን ይገዛል? ስለዚህ ያቺ ስስ፣ ነጭ፣ እጀታ የሌላት ፌስታል ተመልሳ መጣች። በኡጋንዳ ድንበር በኮንትሮባንድ ገባች፤ ዋጋዋ ጨምሮ ከጠረጴዛ ሥር ተሸጠች። ቁጥጥር ሲመጣ የሚያዘው ግን ያስገባው ነጋዴ አልነበረም። ሱቃችን ፊት ለፊት የምትሸጥ ሴት ስትያዝ አይቻለሁ። ፌስታሉን ብቻ አይደለም የወሰዱባት፤ ጎመኑም አብሮ ሄደ። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁለተኛው ችግር ምትኩ ራሱ ነው። ጨርቅ የሚመስለው፣ በየቀለሙ የሚመጣው ቦርሳ ጨርቅ አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጥሩው ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ርካሹ ግን ድንች ሲገባበት እጀታው ይበጠስና ይጣላል። ብዛቱ አስቸግሮ እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ እሱንም ሊያግድ ተነሣ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አዲስ አበባ ላይም ይሄው ቦርሳ እየገባ ነው። ስትገዢ እጀታውን ጎትተሽ እዪው። በሙጫ ወይም በሙቀት ብቻ የተያያዘ ከሆነ አትግዢው፤ የተሰፋውን ፈልጊ።

ከሥር «ታዲያ የውኃ ላስቲኩን ለምን አይከለክሉም?» ያልከው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ግን ልዩነት አለ። ሃይላንድ ገዢ አለው። ልጆች ይለቅሙታል፣ ቁራሌው ይወስደዋል፣ በኪሎ ይሸጣል። ፌስታል ግን የሚለቅመው የለም። ስስ ነው፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ስንቱን ማጠብና ማድረቅ ይጠይቃል? ዋጋ የሌለው ቆሻሻ ባለቤት የለውም። ለዚህ ነው ቱቦ ውስጥም፣ ወንዝ ዳርም፣ እርሻ ላይም የምናገኘው።

ደሃውን አይጎዳም ወይ ላልሽው፣ እውነቱን እንነጋገር። በእኛ ቤት ፌስታል አንዴ አገልግሎ አይጣልም። ታጥቦ ይደርቃል፣ በርበሬ ይቋጠርበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ራስ ላይ ይደረጋል፣ መጨረሻ ላይ የቆሻሻ መያዣ ይሆናል። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው «ዘንቢል ግዙ» ብሎ በቀላሉ የሚያልፈው። የፌስታሉንም ዋጋ የሚከፍለው ያው ደሃ ነው። ክረምት ሲገባ ቱቦ ተደፍኖ ጎርፍ የሚገባው ወንዝ ዳር ያለው ቤት ነው። በሬው ፌስታል በልቶ የሚሞትበት ገበሬ ዕድሜውን ሙሉ ሱፐርማርኬት አልገባም። እኔ እገዳውን የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ከልቤ ነው የምደግፈው።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ «ከመከልከል ማስከፈል አይሻልም?» ብላችኋል። ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአንድ ፌስታል አምስት ሳንቲም ታስከፍላለች። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በ15 ሳንቲም ጀምራ ፌስታልን እጅግ ቀንሳለች። ጥሩ መንገድ ነው። ግን ደረሰኝ በሚቆረጥበት አገር ነው የሚሠራው። ጉሊት ላይ ካሽ ሬጅስተር የለም። ሽንኩርት የምትሸጥ እናት የፌስታል ቀረጥ ሰብስባ ለማን ታስገባለች? በእኛ ገበያ ይሄ አይሆንም።

ስጋቴ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘን ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። ለትልቅ ሱቅ ይሄ ምንም አይደለም። ለጉሊቷ ግን መደቧ ላይ ያለው ዕቃ በሙሉ ተሸጦ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቁጥጥሩ ከፋብሪካው፣ ከጉምሩኩና ከመርካቶ ጅምላ አከፋፋዩ ካልጀመረ ናይሮቢ ያየሁት ይደገማል። ትንሿ ትቀጣለች፣ ዕቃው መምጣቱን አያቆምም። ባንግላዴሽ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የከለከለችው። ምክንያቷም ጎርፍ ሲመጣ ፌስታል ቦዮቿን መድፈኑ ነበር። ግን ማምረቱ ስላልቆመ ፌስታሉ ገበያውን መልሶ ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና «ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው» ማለት ግድ ሆነባት። ወረዳ ላይ ስብሰባ ስትጠሩ ይሄን አንሡ፤ ዝም አትበሉ።

አሁን ወደ ሱቅሽ ልምጣ። ዕቃሽን ደረቅና እርጥብ ብለሽ ለዪው። ደረቁ ችግር አይሆንብሽም። ስኳር፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ቡና በወረቀት ይሄዳሉ። ድሮ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ አይደል የምንገዛው? ወረቀቱን ግን ንጹሕ አድርጊው። የተጻፈበት ጋዜጣ ለሚበላ ነገር አይሆንም፤ ቀለሙ ይለቃል። ከምሽቱ በፊት ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እያልሽ መዝነሽ አዘጋጂ። ደንበኛ ሲበዛ ወረቀት መጠቅለል ጊዜ ይፈጃል፤ ሰልፍ ያስረዝምብሻል።

ካርቶን አትጣይ፣ ለቁራሌውም አትሽጪ። በር አጠገብ ደርድሪው። ብስኩትና ሳሙና ይዞ የሚሄድ ደንበኛ በደስታ ይወስደዋል።

ከባዱ እርጥቡ ነው። ቅቤ፣ ማር፣ እርጎ፣ የተፈጨ ቲማቲም የመሳሰለውን የምትሸጪ ከሆነ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ደንበኛ ትንሽ ቀንሺለት። በቅናሽ የጀመርን ቀን ነው ሰው ዕቃ ይዞ መምጣት የጀመረው፤ በምክር ብቻ አልመጣም። እንጀራ ላይ ብዙ ሞክረናል። ወረቀት ጠርዙን ያደርቀዋል፤ ጠዋት የተሸጠው ማታ ይሰባበራል። ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ነው የተሻለው። ቋሚ ደንበኞቻችን የራሳቸውን ጨርቅ ወይም ክዳን ያለው ሰፊ ዕቃ ይዘው ይመጡ ነበር። አላፊ አግዳሚው ላይ ግን እስከመጨረሻው ሙሉ መፍትሔ አላገኘንም። አንቺ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ።

ለረሳ ደንበኛ ደግሞ በመያዣ የሚሰጥ ዘንቢል አዘጋጂ። ከማዳበሪያ የሚሰፋው በጣም ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ከሁሉም ይሻላል። ገንዘብ ያስይዛል፣ ሲመልስ ይቀበላል። ሰፈር ውስጥ ስለሆንሽና ሰውን በስም ስለምታውቂ ይሄ ላንቺ ከሱፐርማርኬቱ ይልቅ ይቀልሻል። ዘንቢሉ ላይ የሱቅሽን ስም አስጽፊበት፤ ያለዚያ አይመለስም። ከጥጥ የሚሠራውን ቦርሳ ግን እንዲህ ለማዋስ አትግዢው። ውድ ነው፣ ማጠብ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ካላገለገለም ለማምረት የወጣበት ውኃና ጉልበት ይባክናል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት የጥጥ ቦርሳ ከተራ ፌስታል የተሻለ እንዲሆን 131 ጊዜ ማገልገል አለበት ብሏል። ቤት ውስጥ ለራስሽ ያዢው፤ አንቺ ከዚያ በላይ ትጠቀሚበታለሽ።

መጋዘን ውስጥ የቀረሽን ፌስታል በርካሽ ለጉሊቶቹ እንዳትሸጪ አደራ። አንቺ ትገላገያለሽ፣ ቅጣቱ እነሱ ላይ ይሄዳል። ከማን እንደገዛሽ ደረሰኙ ካለሽ አከፋፋዩ እንዲመልስልሽ ጠይቂው።

የማዳበሪያ ዘንቢል የሚሰፉ ሴቶች አውቃለሁ። ስንት እንደሚበቃሽና በምን መጠን እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ፤ አገናኝሻለሁ። በብዛት ካዘዝሽ ዋጋ ይቀንሱልሻል፤ ሰፈርሽ ካሉ ሌሎች ባለሱቆች ጋር አንድ ላይ ብታዝዙ ደግሞ የበለጠ ይረክስላችኋል።