ስለ ቤሪንግ ያላችሁን ጠይቁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ ሃይስኩል ናት። ትሪጎኖሜትሪ አይከብዳትም፣ ቤሪንግ ሲመጣ ግን ግራ ይገባታል። ከየት ልጀምርላት?

መልስ፦ ከሥዕሉ ይጀምሩላት፣ ሳይንና ኮሳይኑ ይቆይ። ቤሪንግ አቅጣጫን የሚገልጽ አንግል ነው፤ ከሰሜን ይጀምራል፣ የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት በኩል ይለካል፣ በሦስት አሃዝ ይጻፋል። ምሥራቅ 090፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ነው። «የነጥብ ለ ቤሪንግ ከነጥብ ሀ» ከተባለ የቆመችው ሀ ላይ ነው፣ የሰሜን መስመሩንም እዚያው ታስምር። አብዛኛው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ እንጂ ስሌቱ ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቤሪንግ አልገባኝም፣ አስረዳኝ።

መልስ፦ ምኑ ነው ያልገባህ? ያቃተህን ጥያቄ ጻፍና የሳልከውን ንገረኝ። በደፈናው መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ መርከብ ከሀ ተነስታ በ060 ቤሪንግ 3 ኪሎ ሜትር ሄዳ ለ ደረሰች። ከዚያ በ120 ቤሪንግ 5 ኪሎ ሜትር ሄዳ ሐ ላይ ቆመች። ሐ ከሀ ምን ያህል ይርቃል? ለ ላይ ያለውን አንግል 60 አድርጌ 4.4 አገኘሁ፣ መልሱ ግን 7 ነው ይላል።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ከ120 ላይ 60 ቀንሰህ ያገኘኸው መርከቧ ምን ያህል እንደታጠፈች ነው፤ የጎነ ሦስቱ የውስጥ አንግል ሌላ ነው። ለ ላይ ሌላ የሰሜን መስመር አስምር። ሁለቱ የሰሜን መስመሮች ትይዩ ስለሆኑ ከለ ወደ ሀ ያለው ቤሪንግ 60 ሲደመር 180 ይሆናል፣ 240 ማለት ነው። ወደ ሐ ያለው ደግሞ 120 ነው። ልዩነታቸው 120 ዲግሪ፣ የፈለግነው አንግል ይኸው። በኮሳይን ሕግ 9 ሲደመር 25 ሲደመር 15 (የ120 ኮሳይን ኔጌቲቭ ስለሆነ መቀነሱ መደመር ይሆናል)፣ 49 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱ 7። ከዚያ በሳይን ሕግ ሀ ላይ ያለው አንግል 38.2 ስለሚሆን፣ 60 ላይ ሲደመር የሐ ቤሪንግ ከሀ 098.2 ነው። አሁንም እላለሁ፣ በየነጥቡ ሰሜንን አስምሩ።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ጉዞውን ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ከፋፍሎ መደመር ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ፈተናው በኮሳይን ሕግ ሥሩ ካለስ?

ሌላ አባል፦ መልሱ ያው አይደል እንዴ!

መልስ፦ መልሱስ ያው ነው። 6.93 ወደ ምሥራቅ፣ 1 ወደ ደቡብ ይወጣል፣ ለማረጋገጫም በጣም ጥሩ ነው። ግን ሥዕሉ ያልገባው ልጅ እዚያም ሳይንና ኮሳይኑን ያቀያይራል፣ ምክንያቱም ከሰሜን ሲለካ ወደ ምሥራቅ ያለው በሳይን ነው የሚሰላው። እባካችሁ ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ የኮምፓስ ሰሜንና የካርታ ሰሜን ይለያያል ይባላል፣ እሱስ?

መልስ፦ ይለያያል። የትምህርት ቤት ጥያቄ ላይ ግን አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ መርከቧ ከሐ ወደ ሀ ብትመለስ ቤሪንጉ ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ ብያለሁ፣ 180 ደምር። 278.2። መነሻው 180 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ትቀንሳለህ።

ጥያቄ፦ ለ ላይ ያለውን አንግል 120 አድርጌ ሠራሁት፣ ርቀቱን ግን 3.1 ነው የሚለኝ።

መልስ፦ ካልኩሌተርህ ራዲያን ላይ ነው፣ ሌላ የአንግል መለኪያ ማለት ነው። ወደ ዲግሪ መልሰው።