ስለ ክሪስታል ኦሲሌተርና ስለ ሳተላይት ጊዜ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ክሪስታል ኦሲሌተር (በክሪስታል ንዝረት ቋሚ ምት ስለሚሰጥ መሣሪያ) እና ከሳተላይት ስለሚመጣ ጊዜ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ቤቴ የሰቀልኩት የግድግዳ ሰዓት በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪው ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ባትሪውን ከመቀየርዎ በፊት ብርዱን ይጠርጥሩ። በውስጡ ያለችው ሹካ መሰል የኳርትዝ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ የተስተካከለችውም ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከዚያ በ10 ዲግሪ ስትርቅ በቀን 0.3 ሰከንድ ያህል ትዘገያለች፤ በ20 ዲግሪ ስትርቅ ደግሞ መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀት ሲበዛም የምትዘገይ እንጂ የምትፈጥን ስላልሆነች፣ ሰዓቱን ወደ ኮምቦልቻ ቢያወርዱት የቀትሩ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ቢያልፍ እንኳ አያፈጥናትም።

ጥያቄ፦ የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶሚክ ሰዓት ተሸክመው ሳለ፣ ከሳተላይት ጊዜ ለሚቀበል መሣሪያ ውድ ክሪስታል መግዛት ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ሁለቱ የሚታመኑበት የጊዜ ርዝመት ስለሚለያይ ነው። ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚመጣው ምልክት አዮኖስፌርን (በኤሌክትሪክ የተሞላውን የላይኛውን አየር) ሲያቋርጥና ከግድግዳ ሲነጥር ስለሚዛባ፣ መቀበያው በየሰከንዱ የሚሰጠው ምት በናኖሰከንዶች (በሰከንድ ቢሊዮንኛዎች) ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ስህተቱ ግን ከቀን ቀን አይጠራቀምም። ጥሩ ክሪስታል በአንጻሩ ከሰከንድ ወደ ሰከንድ የረጋ ቢሆንም፣ በሙቀት ለውጥና በእርጅና ቀስ በቀስ ይሸሻል። ስለዚህ መሣሪያው ለአጭሩ ጊዜ በክሪስታሉ ይተማመናል፣ በረጅሙ ጊዜ ደግሞ በሳተላይቱ ይገራዋል። ክሪስታሉ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውም በሙቀት ለውጥ እንዳይሸሽ ነው። እኔ ራሴ ኮምቦልቻ ወርክሾፔ ውስጥ ማሞቂያ የሌለውን ኦሲሌተር ክዳኑን ከፍቼ ስለካ ቬንትሌተር ብከፍት፣ በመለኪያው ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረው መስመር ወዲያውኑ ታጠፈ፤ ከዚያ ወዲህ ክዳን ሳልገጥም ለክቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ የአንቴናው ገመድ ቢበጠስስ?

መልስ፦ ያን ጊዜ ክሪስታሉ ብቻውን ይቀራል። ከ10 ቢሊዮን አንድ እጅ የሚዛነፍ ከሆነ በቀን 8.6 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይስታል፤ ከሚሊዮን አንድ እጅ የሚዛነፈው ርካሹ ግን 86 ሚሊሰከንድ።

ጥያቄ፦ የደሴ ጭጋግና የጦሳ ተራራ የሳተላይቱን ምልክት አያውኩም?

መልስ፦ ጭጋጉ አያሳስብም፤ ተራራው ግን የሰማዩን አንድ ወገን ይጋርዳል። አንቴናው የተተከለበት ቦታ በትክክል ከታወቀ ለጊዜ ብቻ አንድ ሳተላይት እንኳ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ደሴ ከፍ ስለሚል ሰዓት ይፈጥናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ስበት በላላበት ቦታ ጊዜ ይፈጥናል። የሁለቱ ከተሞች የ600 ሜትር ገደማ ልዩነት በቀን 5 ወይም 6 ናኖሰከንድ ስለሚሆን ግን የእርስዎ ኳርትዝ አይሰማውም። በሳተላይቱ ላይ፣ ፍጥነቱ ሰዓቱን የሚያዘገየው ተቀንሶ እንኳ፣ ልዩነቱ በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ስለሚደርስ፣ የሰዓቱ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚመታው ብዛት) ሳተላይቱ ከመምጠቁ በፊት ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል።