የባለ ሦስት ጎማዋን ክዳን በፎም ልሥራ ላልከው

ወንድሜ፣ በእጅህ የሠራሃት ባለ ሦስት ጎማ ክዳኗ ተሰንጥቆ፣ ክብደቱም አስቸግሮህ "በፎም ብሠራውስ?" ብለሃል። እኔ ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለት ጊዜ ያስለፋኝ አንድ ጣሳ ሬዚን ነው፤ ፎሙ ላይ የሚነጠፈውን ጨርቅ የምንቀባበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ።

1. ፎምህን ለይ። ነጩም ሰማያዊውም ሮዙም አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። በጋለ ሽቦ ደስ እያለህ ትቀርጸዋለህ፤ ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው ግን ያልቅለታል። ሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ያሟሟዋል። ይህን ሳላውቅ ሻጩን ሁለቴ ጠየቅሁት፤ "ለፎም ይሆናል?" ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ሬዚን ሁሉ አንድ ነው፣ ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም?" አለኝ። ወሰድኩ። ሦስት ሳምንት የቀረጽኩት ክዳን ላይ የፋይበርግላሱን (ከመስታወት ክር የተሠራውን) ጨርቅ አንጥፌ መቀባት ስጀምር፣ ግንባሩ ጋ ያለው ጉብታ ከጨርቁ ሥር ቀስ እያለ ሰመጠ። ብሩሹን ባነሳሁት ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደንበኛን እንዲህ መመለስ ነውር ነው!

አንተ ኢፖክሲ ግዛ፤ ስታይሪን የሌለበት ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው። ከገዛህም በኋላ ቁራጭ ፎም ላይ ቀብተህ አሳድረው፤ ጠዋት ካልተበላ ትጀምራለህ።

2. ፖሊዩሬታን ፎም ካገኘህ ፖሊስተሩን ይችለዋል። በጋለ ሽቦ ግን እንዳትነካው፣ ጭሱ መርዝ ነው። በመጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ሥራው፤ አቧራውንም አትሳበው።

3. ማጠፊያው። ቡሎን ባዶ ፎም ላይ ስታጠብቅ ፎሙ ይጨፈለቅና ይላላል። እኔ ማጠፊያውና መቆለፊያው የሚያርፉበትን ፎም ቆርጬ አውጥቼ በቦታው ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ ቀበርኩ፣ ጨርቁንም ከላዩ አለበስኩት። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እስካሁንም ንቅንቅ አላለም። ጨርቁን ከውጭም ከውስጥም አልብስ፣ ጥንካሬው ያለው ከሁለቱ ልብሶች ነው። ስለታም ጠርዝ ካለህ አድቦልቡለው፤ ጨርቁ እዚያ ላይ አይተኛም፣ አየር ይቋጥራል።

ቀለሙን ነጭ አድርገው። ያለ ማሞቂያ የደረቀ ኢፖክሲ ፀሐይ ላይ ጥቁር ከተቀባ ይለሰልሳል። መስኮቱ ፖሊካርቦኔት ከሆነ ቀዳዳዎቹን ከቡሎኑ አስፋቸው፣ ሙቀት ሲለጥጠው እንዳይሰነጠቅ።

የድሮው ክዳኔ 21 ኪሎ ነበር፣ አሁን 9 ነው። ልጄ በአንድ እጇ ትከፍተዋለች። ቀረጻውን ጨርሰህ ጨርቅ ከማልበስህ በፊት የማጠፊያውን ቦታ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ አየዋለሁ።