ጸሎቴ ግፊቴን ያወርድልኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ስሆን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ማጅራቴን ይጨመድደኛል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከነቃሁ እስኪነጋ ጣራ ጣራ ማየት ነው። ጤና ጣቢያ ሄጄ ግፊቴ 152 በ96 ሆነ። በሳምንቱ ደግሞ 150 በ94። አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ታዘዘልኝ፤ ኪኒኑ ግን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ውዳሴ ማርያም ስደግምና ሳስቀድስ የእውነት ቅልል ይለኛል። እህቴ «ኪኒን አንዴ ከለመድሽ አትወጪበትም፣ እምነትሽን አጠንክሪ» ትለኛለች። ጸሎቱ በእርግጥ ለሰውነቴ ይጠቅማል ወይስ ስሜት ብቻ ነው? ኪኒኑን ብጀምር እምነት ማጉደል ይሆንብኛል? በጾምና ስቆርብስ እንዴት ላድርግ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስሜት ብቻ አይደለም። ቅልል ሲልዎት ሰውነትዎ ውስጥ በመሣሪያ የሚለካ ለውጥ አለ። ኪኒኑም ግን ከቦርሳ መውጣት አለበት። ሁለቱን ማን እንዳጣላቸው እንጃ።

ከጭንቀቱ ልጀምር። ከኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ስንጨነቅ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ወደ ደም ይለቃሉ። አንጎል ጅብ የመጣ ያህል ነው የሚያዝዛቸው። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ማጅራትዎን የሚጨመድድዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጅብ ቢሆን መጥቶ ይሄዳል። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ክፍያና የጎደለ ካዝና ግን አይሄዱም። ዕጢዎቹም ሥራ አይፈቱም።

ይህን የሚያበርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለን። ከአንጎል ተነሥቶ፣ ልብን ነክቶ እስከ አንጀት ይወርዳል። የሰውነት ፍሬን ብንለው ያስኬዳል። ፍሬኑን በፈቃዳችን የምንይዝበት ቀላሉ መንገድ ደግሞ ትንፋሽ ነው፤ በተለይ ቀስ ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ።

ጸሎት እዚህ ላይ ይገባል። በ2001 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲ ከባልደረቦቹ ጋር 23 ጤነኛ ሰዎችን የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን አስደገሟቸው። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የእነዚህ ሰዎች ትንፋሽ ግን ወደ 6 ወረደ። ልብና ግፊትን የሚያመዛዝነው ሥርዓትም የተሻለ መሥራት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር፣ በዮጋ እየተደጋገመ የሚባል ቃል (ማንትራ) ሲያስደግሟቸውም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ እኔ እንደ ሐኪም የምናገረው ስለ ትንፋሹ ነው። ጸሎትዎ ወዴት እንደሚደርስ የእርስዎና የፈጣሪዎ ጉዳይ ነው።

እኛም ቤት መቁጠሪያ አለ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ። ችግሩ ብዙዎቻችን ታክሲ የሚያመልጠን ይመስል እናሮጠዋለን። እኔ ራሴ አንድ ቀን ሰዓት ይዤ 41ዱን በአንድ ደቂቃ ተኩል ጨርሼ አፍሬያለሁ። እስኪ እንዲህ ይሞክሩት፦ በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ቃሉን ከሚወጣው ትንፋሽ ጋር ይልቀቁት። አንዱ 10 ሰከንድ ቢወስድ 41ዱ 7 ደቂቃ አይሞላም። ሌሊት 8 ሰዓት ሲነቁም ስልክ አያንሡ፤ ተኝተው ይህንኑ ያድርጉ። ወንጌላውያን አንባቢዎቼም ከመዝሙረ ዳዊት አንድ አጭር ቁጥር መርጠው በዚሁ መንገድ ሊጸልዩበት ይችላሉ።

ማስቀደስዎም የራሱ ጥቅም አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ74 ሺህ በላይ ሴት ነርሶችን ለ16 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ አምልኮ የሚሄዱት ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄዱ ብቻውን ዕድሜ አስረዘመ ማለት አይደለም። ከሚሄዱት መካከል ሲጋራ የሚያጨሱት ጥቂት ናቸው፣ ድብርታቸው ያነሰ ነው፣ የሚጠይቃቸው ሰው አላቸው። እኔ ይህን የመጨረሻውን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ቆማችሁ የምታወሩት ወሬ፣ የጽዋ ማኅበሩ ዳቦና ጠላ፣ «ምነው ጠፋሽ?» የሚልዎት ሰው፣ እነዚህ ሁሉ መድኃኒት ናቸው። ለንስሐ አባትዎ የልብዎን መናገርም እንዲሁ።

አሁን ወደ ኪኒኑ። በሁለት የተለያዩ ቀናት ከ140 በ90 በላይ ተለክቶልዎታል። ይህ የደም ግፊት ነው። ቀስ ያለ ትንፋሽ ግፊትን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ከ150 ወደ ጤናማው ለማውረድ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበቃም። ደግሞም ቅልል ማለትና ግፊት መውረድ አንድ አይደሉም። ግፊት ምንም ሳይሰማን ኩላሊትን፣ ዓይንንና አንጎልን ይጎዳል። እህትዎ ያሉትን በየቀኑ እሰማዋለሁ። አምሎዲፒን ሱስ አያስይዝም። ሰው ሳያቋርጥ የሚወስደው ሕመሙ ስላለ ነው። ክብደት ቀንሶ፣ ጨው ትቶ፣ በሐኪም ምክር መጠኑ የተቀነሰለትም አለ። ቁርጭምጭሚትዎ ካበጠ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባይ ነው።

እምነት ማጉደል ነው ወይ ላሉት፣ ሰባኪ አይደለሁም። ግን ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል። በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን ይክፈቱት፤ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ተናግረው ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ጠበል ቦታ መድኃኒቱን ያቋርጥ ስለነበር ንግግሩ ነፍስ አድኗል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። «የተጨነቀ ሰው እምነቱ ጎዶሎ ነው» የሚል ምክር። በዚህ የተነሣ በመጨነቋ ተጨንቃ ወደ እኔ የመጣች ታካሚ አውቃለሁ። ነቢዩ ኤልያስን ያስታውሱ። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ቀሰቀሰውና አበላው። መንገዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍና ምግብ ቀድመው የመጡበት ሕክምና ነው። እርስዎም በሳምንት ሦስት ሌሊት ማኅሌት ቆመው ጠዋት ካዝና ላይ የሚቀመጡ ከሆነ ለጊዜው ይቀንሱት። ኤልያስን የመሰለ የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን፣ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ አልለቅ ካለ፣ በዚያው ቀን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ልብዎ ድው ድው ስለሚል የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራም ያሠሩ። ሁሉንም በጭንቀት ማሳበብ ሐኪሞችንም ያሳስተናል። ቡናውንስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ልቤ መታ ማለት እንዴት ይሆናል? አቦሏን ብቻ፣ እሷንም ከቀትር በፊት። ሽሮ ላይ ጨው ሲጨምሩም እጅዎን ያዝ ያድርጉ፤ በጾም የምንበላው ጨው ቀላል አይደለም። ስግደት ጥሩ እንቅስቃሴ ነው። ግን በባዶ ሆድ ቶሎ ቶሎ መነሣት ያዞራል፤ ሲያዞርዎት ይቀመጡ።

ደረትዎን ከወጋዎት፣ አፍዎ ከተጣመመ ወይም አንደበትዎ ከተሳሰረ፣ በተለይም ግፊትዎ 180 በ120 ከደረሰ፣ ጠበልም መቁጠሪያም አይጠብቁ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጾሙን በተመለከተ የእርስዎ መድኃኒት ገር ነው። በቀን አንዴ ስለሆነና ምግብ ስለማይፈልግ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ ዐቢይ ጾም ሆነ ረቡዕና ዓርብ አይነካውም። ስኳር ያለባቸው ወይም ሽንት የሚያሸና የግፊት ኪኒን የሚወስዱ አንባቢዎች ግን ይህን ለራሳቸው አይውሰዱት፤ ጾም ሳይገባ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ሲቆርቡ በዋዜማው ማታ የሚውጡት ኪኒን ከሰዓቱ ጋር እንዳይጋጭ ለንስሐ አባትዎ አስቀድመው ይንገሩ። ቀደም አድርጊው ካሉዎት በዋዜማው ከቀትር በኋላ 11 ሰዓት ላይ ቢውጡት ምንም አይሆኑም። ከአራት ሳምንት በኋላ ተለክተው ውጤቱን ይጻፉልኝ።